ባዶው ቀፎ በዋንዛው ሜዳ

ቦንጋ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሀብተሥላሴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ስኳሩ ወረደልዎ? ሐኪሙስ ስለ ዐይንዎ ምን አለ? «ካፋ ተወልጄ፣ በማር አድጌ፣ ልጄ ማርቲ ጅማ ላይ ማር ከለከለችኝ» ብለው የጻፉትን ቢሮ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ጊዜ ሰዎቹ ደህና መሆኔን ጠየቁኝ። ደህና ነኝ። ምላሼ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጆሮዎ ስልክ እንቢ ብሎ ደብዳቤ ባያስጀምረኝ ኖሮ በእጅ መጻፍ ረስቼ እቀር ነበር። ይሄ የደረስዎ ሁለት ወረቀት ከቀደድኩ በኋላ የተጻፈ ነው።

«ሜዳዬን ምን አደረጋችሁት?» ብለዋል። እስካሁን ምንም። ግን ድግስ አለ! የዋንዛው ሜዳ ፓርክ ሊሆን ነው። ከባጃጅ ማቆሚያው እስከ እትዬ አበዛሽ ሻይ ቤት ድረስ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ይሠራል፣ ዳር ዳሩን አበባ ይተከላል። እርስዎ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያጨዱት ሣር እንዳለ ይቆያል። ዋንዛውን ደግሞ፣ ይስሙኝማ፣ ፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ክብ ከብቤ «ይህ ዛፍ አይነካም» ብዬ ከሥሩ ጽፌበታለሁ። አለቃዬም ፈርመዋል። ጡረታ ሲወጡ የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ዋንዛውን አደራ» ያሉኝን አልረሳሁም። ያኔ ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር፤ ከባሕር ዛፍ ሌላ ዛፍ የማላውቅ «የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ»! እንዴት እንደሳቁብኝ ትዝ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ቀፎዎን አስወርጄዋለሁ። ስብሰባ ላይ «ሕዝብ በሚዝናናበት ቦታ ንብ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ለዛፉ እንዳይተርፍ ብዬ ቶሎ መሰላል አስመጣሁ። ለካ ባዶ ነው! ንብ ቀርቶ የሰም ፍርፋሪ የለውም፤ ውስጡ አንዲት ሸረሪት ብቻዋን ትኖራለች። አሁን ቤቴ፣ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ሲመጡ እንደነበረ ያገኙታል።

እትዬ አበዛሽ ስናወርደው አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ምነው ስላቸው ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የሚሄደው፤ ሰው ሞቷል መሰለኝ። እኔ አሁን ችግኝ ላመጣ ወደ ሺሺንዳ እየወጣሁ ስለሆነ ስመለስ ለቅሶ እደርሳለሁ።

«ጠዋቱን ጻፊልኝ» ስላሉ ይኸው። ጉሙ ሣሩ ላይ ተኝቶ አልነሣም ብሏል። ዋንዛው ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል፤ ሥር የሌለው ዛፍ አየር ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። ሁለት ጉሬዛዎች ጭራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ከታች የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ባጃጇ ግን አትታይም። እንዲህ ባለ ጠዋት ቦንጋ ከተማ መሆኗን ትረሳዋለች።

አክባሪ ልጅዎ፣
አፀደ

ጅማ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አፀደ፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን እሰጥሻለሁ። ቀፎውን መልሰሽ ስቀዪው። ይህ ደብዳቤ እጅሽ በገባበት ሰዓት፣ ምሳም ላይ ብትሆኚ፣ ስብሰባም ላይ ብትሆኚ፣ ተነሺና ስቀዪው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልነግርሽ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል ያልኩትን ነገር ከደብረ ብርሃን የመጣች ልጅ ከየት ታውቀዋለች! በእኛ ሰፈር ደንብ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። ንብ ይግባበት፣ አይግባበት፣ ማንም አይጠይቅም። መጥረቢያ አይነካውም። ቀፎው የሚወርደው በሁለት ነገር ነው፤ ማር ሲቆረጥና ባለቤቱ ሲሞት። ማር ከተቆረጠ በዚያው ቀን ተመልሶ ይሰቀላል። ሳይመለስ ካደረ ባለቤቱ የለም ማለት ነው። የሞተ ሰው ዛፍ ደግሞ የዕድሩ ነው። ቆርጠው ሣንቃ ያወጡታል፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ይሆናል። የአባቴ ዛፍ እንዲያ ነው የሆነው፤ ገመዱን ከጎተቱት አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ማን እንደሞተ ገባሽ? ነጠላ የዘቀዘቁት ለእኔ ነው፣ አንቺ ሞኝ!

ማርቲ ከትናንት ጀምሮ ስልክ ብትሞክር ብትሞክር አይሠራም። ጎጀብ ላይ መሬት ተንሸራቶ መንገዱም ስልኩም ተቆርጧል አሉ። የሰፈሩ ሰዎችም በሕይወት መኖሬን ደውለው መጠየቅ አይችሉም፤ ቢችሉም አይጠይቁም፤ መርዶ በስልክ አይጠየቅም። ሾፌሩ ፍቅሩ ሚኒባሱን ይዞ መንገዱ እስኪከፈት እየጠበቀ ነው፤ ይህን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ዓለሙን ፈልጊው። የዕድሩ ዳኛ እሱ ነው፣ ያለ እሱ ቃል መጥረቢያ አይነሣም። «ሀብተሥላሴ አልሞተም፤ የያዘው ስኳር ነው» በይው።

ልጄ፣ ነገሩን ላንቺ ግልጽ ላድርገው። ሐኪሙ ስኳሬ ከወረደ መስከረም ላይ የዐይንህን ሞራ እገፍፍልሃለሁ ብሎኛል። ስልሳ ሦስት ዓመት ያየ ዐይን ከዚህ በኋላ ምን ቀረው ብዬ እንቢ ብዬ ነበር። እሺ ያልኩት ዋንዛው ሲያብብ አንድ ጊዜ አጥርቼ ልየው ብዬ ነው። የማርቲ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምሳዬን ይዛልኝ ትመጣ የነበረው ከእሱ ሥር ነው። ማርቲን ያጠባቻትም እዚያው ነው። ሌላ የማየው ነገር የለኝም።

ስቀዪው።

ሀብተሥላሴ

ቦንጋ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

(ይህኛው አልተላከም።)

ጋሽ ሀብተሥላሴ፤

ዋንዛው የለም።

ሰኔ 12 ቀን፣ ደብዳቤዎን ሊጽፉልኝ አንድ ቀን ሲቀርዎ፣ ቆርጠውታል። እኔ ሺሺንዳ ችግኝ እየቆጠርኩ ነበር። መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እዚያው አምስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ከባጃጅ ስወርድ መጀመሪያ የታየኝ ሰማይ ነው። ያን ያህል ሰማይ እዚያ ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር። መንገድ የተሳሳትኩ መስሎኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። የእትዬ አበዛሽ ሻይ ቤት ግን እዚያው ነው።

አደራዎን በላሁ። ሌላ ስም የለውም። በአረንጓዴ ክብ ከብቤ፣ አለቃ አስፈርሜ፣ በገዛ እጄ ደግሞ ጠባቂውን አውርጄ ቤቴ ወሰድኩት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ስልኩ ትናንት ሲመለስ ለማርቲ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ድምጿን ሰብሰብ አድርጋ «አሁን ከሰማ ስኳሩም ግፊቱም ይነሣል፤ ኦፕራሲዮኑን እንቢ ይላል። እባክሽ ዐይኑ እስኪበራ አንቺ ጋ ይቆይ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ታዲያ ይህን ለማን ነው የምጽፈው?

ቦንጋ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሀብተሥላሴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንዴት ነዎት? ስኳሩስ? ምግብዎን በሰዓቱ ይበሉልኝ፤ የማርቲን ነገር ይስሙ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። መንገዱም ዝናቡም ተባብረውብን ነበር።

ጋሽ ዓለሙ ደህና መሆንዎን ሲሰሙ የተናገሩትን እዚህ መጻፍ አይቻልም፤ ቄስም ሊያነበው ይችላል። ደስ ብሏቸዋል፣ እጅግ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ሰፈሩ በሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልዎታል። ስለ ቀፎው አይስጉ፤ በደህና አለ፣ በየቀኑ አየዋለሁ።

ችግኞቹ ሺሺንዳ ከሚገኘው ጣቢያ መጥተዋል፤ ሁለት መቶ አሥር ናቸው፣ አሥሩ መንገድ ላይ ተሰብረዋል። ከባጃጅ ማቆሚያው በኩል ያለው ቦይ እርስዎ እንዳሉት ወደ ታች ተቆፍሯል፣ ውኃው አሁን ሣሩ ላይ አይተኛም። ጉሬዛዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሄድ መጣ ይላሉ። ትናንት ደግሞ ዝናቡ ቆም ብሎ ቀትር ላይ አናት የምትበሳ ፀሐይ ወጣች። እትዬ አበዛሽ ከሁልጊዜው ቦታቸው ጃንጥላ ዘርግተው ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸውና አብሬ ቀነጠስኩ። ስለ እርስዎ ስናወራ ዋልን። ሻይ ቤት ካመሹ አይነሡም አሉኝ፣ ሣሩን ሲያጭዱ ያንጎራጉራሉ አሉኝ። እኔ ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ አላውቅም። ሲመጡ ያንጎራጉሩልኛል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አክባሪዎ፣
አፀደ

ጅማ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አፀደ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ማርቲ አነበበችልኝ፤ ከዚህ ወዲያ ፊደል ለዐይኔ ጉንዳን ሆኗል። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ስለዚህ እሷን የማማት ነገር ለጊዜው ቀርቷል።

የቦዩን ነገር ደግ አደረግሽ። አበዛሽም ጃንጥላ መግዛቷ ጥሩ ነው።

ስኳሬ እየወረደ ነው። ሳልበላ ነው እንጂ የሚወርደው ሌላ ሙያ የለኝም። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። የጅማ ሰው ደግ ነው፣ ሁሉም ሰላም ይለኛል፣ ማን እንደሆነ ግን አላይም። እንቅልፍና ንቃቴ ተቀላቅሎብኛል። ትናንት ሜዳው ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። አትሳቂ። ሣሩ፣ ቦዩ፣ ጉሙ ሳይቀር መጥቶ በረንዳው ሥር ተነጠፈ። እኔ ማጭዴን እየፈለግኩ «ቆይ፣ ሳላጭድህ እንዳትሄድ» እለዋለሁ። የማርቲ እናት ምሳ ይዛ ቆማለች። «የት ልቀመጥ?» አለችኝ። ዞሬ ጥላ ብፈልግላት የለም። ነቃሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውልሽ። መስከረም ላይ ዐይኔ ታስሮ እተኛለሁ። ያኔ ዋንዛው የሚያብብበት ነው። አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ። የቢሮ ሪፖርት አይደለም። ታስሬም ቢሆን እንዳየው አድርገሽ ጻፊው። ማርቲ ቀስ ብላ ታነብልኛለች።

አታሳጥሪው።

ሀብተሥላሴ

(ከማርቲ፦ አፂዬ፣ ሳልነግረው ይህን ከታች ጨመርኩ። ቀኑ ተቆርጧል፣ መስከረም 12 ነው። የለመነሽን እባክሽ ጻፊለት። ኃጢአቱ በእኔ ነው።)

ቦንጋ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሀብተሥላሴ፤

እንኳን አደረስዎ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም ማለቁን ማርቲ ነግራኛለች። ፋሻውን እንዳይነካኩት አደራ።

ጻፊልኝ ብለውኛልና ይኸው።

ጠዋት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ጥሎ ደክሞት አቁሟል። ከባጃጅ ማቆሚያው በኩል ይግቡ፤ እዚያ ጋ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ እጄን ይያዙ። ሣሩ ጫማዎን ያረጥበዋል። አሁን ይቁሙ። ሸተተዎት? እርስዎ «አበባው ከመታየቱ በፊት ይሰማል» ያሉኝ ነው። ልጅ የታጠበበት ውኃ ዓይነት፣ ቀለል ያለ ሽታ።

ቀና ይበሉ። ዋንዛው ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ቅጠሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ነፋስ ሳይኖር ራሱ አበባው ይወርዳል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ተራውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ቀስ እያለ። አግዳሚው ነጭ ነው። ሥሩ የቆመችው ባጃጅ ጣሪያዋ ነጭ ነው፤ ባለቤቷ ሊያራግፈው ጨርቅ ያነሣና ይተወዋል። እትዬ አበዛሽ ሻይ ቀድተው ወደ እንግዳ ሲሄዱ አንዲት አበባ ብርጭቆው ውስጥ ትገባለች። «ይቀየርልዎ?» ይላሉ። እንግዳው «ይሁን» ብሎ ይጠጣዋል።

ንቦቹ መጥተዋል። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ከጫካው ይሆናል፤ ዛፉ በሙሉ ያጉረመርማል። ሥሩ ሲቆሙ ድምፁ ከላይ ይሁን ከራስዎ ውስጥ አይለይም። ማንንም አይነኩም። አንዲት ሴት ከሥሩ ምሳ ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ አይታየኝም፣ እርስዎ ያውቋታል። ጥላው ሰፊ ነው፤ ለእሷም ለእርስዎም ይበቃል፣ እኔም ዳር ላይ ብቆም አይጠበኝም።

እዚህ ላይ ላቁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ሀብተሥላሴ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፣ ብቻ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አፀደ

ጅማ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ አፀደ፤

ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። መስመሩ ቢወላገድ የእጄ ነው፣ ዐይኔስ ወረቀቱ ላይ ያለውን የዝንብ ፈለግ ሳይቀር ያያል። ማርቲ ይህን ያህል መሸበቷን አላውቅም ነበር! ስነግራት አኮረፈች።

ያን የአበባ ደብዳቤሽን ታስሬ ሳለሁ ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ዐይኔ ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ራሴ አነበብኩት። ደጋግሜ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ።

አዎ፣ አውቃለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ነው የማውቀው። እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ሠላሳ ሁለት ዓመት ስኖር አበዛሽ ከሁልጊዜው ቦታዋ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ሆና ቀትር ላይ ፀሐይ ነክቷት አያውቅም። አንቺ ጃንጥላ ዘረጉ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ማርቲ ያን መስመር ስታነብ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እናንተ ለእኔ ስትሉ ደብቃችሁ፣ እኔ ደግሞ ለእናንተ ስል አለማወቄን ደበቅሁ። የዚያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ፤ ይኸው አልደብቅሽም። ኦፕራሲዮኑንም ልተወው ነበር። ከዚያ «ይህቺ ልጅ መስከረም ላይ ምን ብላ ትጽፍልኝ ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይህንን ሳልሰማ አልቀርም ብዬ ተኛሁላቸው።

እኔ በሕይወቴ ያንን ዛፍ እንዳንቺ አድርጌ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የማየው የወደቀውን ቅጠል ነበር፤ ጠረጋው የእኔ ነዋ!

አሁን ደግሞ የእኔን ውሸት ስሚ። ያ ቀፎ ንብ ገብቶበት አያውቅም። ሥራ በተቀጠርኩ ዓመት ሜዳውን ለማጽዳት ዛፉ ይቆረጥ ተባለ። እኔ ተራ አትክልተኛ፣ ምን አፍ አለኝ? የአባቴን አሮጌ ቀፎ አምጥቼ ሰቀልኩ። በማግስቱ ቆራጮቹ መጥተው ቀና ብለው አዩና ሄዱ። ንብ እንዳይገባበት አፉን በጨርቅ ደፈንኩት፤ ሰው የሚያልፍበት ሜዳ ነው፣ እንዳይነድፍ ብዬ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ዛፉን የጠበቀው ባዶ ዕቃ ነው። የሰው ክብር ነው የጠበቀው ብትይ ይሻላል።

ስለዚህ እነዓለሙን እንዳትቆጪያቸው። የሞትኩ መስሏቸው ደንቡን ፈጸሙ። ባለቤት ባለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ የማያነሡ ሰዎች ናቸው። አንቺንም አልቆጣሽም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ማን አለቀሰ? «የሞተ ተጎዳ» ይላሉ፤ እኔ ሞቼም አልተጎዳሁ፣ ቢያንስ ወሬው ይድረሰኝ እንጂ!

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ዋንዛ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ካልነቀሉት ያቆጠቁጣል። ፓርክ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ጉቶ አይወዱም። ቀፎዬን ከአልጋሽ አጠገብ አንሺና ጉቶው ላይ አስቀምጪው። የሚሰቀልበት ቅርንጫፍ ባይኖር ምን ቸገረሽ፣ ደንቡ ያኑሩት ይላል እንጂ ይስቀሉት አይልም።

ቶሎ በዪ፤ እኔም ኅዳር ላይ እመጣለሁ። በዚህኛው እንኳ ደብዳቤዬ ይቅደም።

ሀብተሥላሴ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለማከብርዎ ጋሽ ሀብተሥላሴ፤

ደብዳቤዎ ቀድሟል።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ፍቅሩ ሲያቀብለኝ ባጃጅ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የጃንጥላው መስመር ጋ ስደርስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ማን እንደሞተ ማን እንደዳነ የማታውቅ እብድ ብለውኝ ይሆናል። አራት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነበር የተነሣልኝ። አንድም ጊዜ ሳይቆጡኝ! ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማን አለቀሰ ላሉት፤ እኔ ሺሺንዳ ነበርኩ፣ የሰማሁትን ልንገርዎ። እትዬ አበዛሽ ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ሦስት ቀን ዋሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ከፊት መብራታቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰሩ። ጋሽ ዓለሙ ዳኛ ስለሆኑ አላለቀሱም አሉ፤ ዛፉ ሲወድቅ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡና ለመነሣት ሁለት ሰው ደገፋቸው። ዛፉ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ ፍቅሩ ገባና «የአፀደን ቤት የሚያውቅ አለ? ከጋሽ ሀብተሥላሴ ደብዳቤ ይዤላት ነበር» አለ። እትዬ አበዛሽ «መቼ የጻፈው?» አሉት። «እኔ ፊት ነዋ! ማር አምጣልኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደጮኸ፣ ማን እንደሳቀ እስካሁን ይከራከራሉ። ጋሽ ዓለሙ ግን ዞር ብለው ወደ ሜዳው አዩ፣ ያኔ አለቀሱ።

እግርዎ ሥር ወድቀው ይቅርታ ሊጠይቁ ይፈልጋሉ፤ እንዴት እንደሚጽፉት ግን አላወቁም። «ሀብቴ ሲመጣ የሚለኝን ይበለኝ» ነው የሚሉት። ከሣንቃው ስድስት አግዳሚ ወጥቷል። አምስቱ ዕድር ቤት ናቸው። ስድስተኛውን የዕድሩ ሰዎች ማንም ሳያዝዛቸው ተሸክመው አምጥተው ጉቶው አጠገብ አስቀመጡት። ሰው ሲቀመጥበት አላየሁም።

አሁን ደግሞ የቀፎውን ነገር ይስሙ። ቅዳሜ ጠዋት በጉም ውስጥ ተሸክሜው ወጣሁ። ከሸረሪቷ ጋር፤ አላባረርኳትም። ጉቶውን ደፍሬ በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት በዚያ በኩል ማለፍ አልወድም ነበር። ጎንበስ ስል ዙሪያውን ቀንበጥ ነው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ረጅሙ ጉልበቴ ድረስ ይመጣል፣ ቅጠሎቹ የእጄን መዳፍ ያክላሉ። ቀፎውን መሐሉ ላይ አስቀመጥኩና ምን እንደሚባል ስለማላውቅ «ጤና ይስጥልኝ» አልኩት።

ዛሬ ሰኞ ድንጋይ የሚያነጥፉት ሰዎች መጡ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አረንጓዴው ክብ ከፕላኑ ተሰርዞ መንገዱ ቀጥ ብሎ በጉቶው ላይ እንዲያልፍ ተሠምሯል። ለአለቃዬ ሁለት ማመልከቻ ጽፌ ነበር፣ ሁለቱም «ይታያል» ተብለዋል። ዶማና መጥረቢያ ይዘው ደረሱ። የፊተኛው ቀፎውን ሲያይ ቆመ።

«ባለቤት አለው» አለ።

ሌላው በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ባዶ ነው እኮ» አለው።

«ቢሆንስ? የማን ነው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

አፌን ስከፍት ጋሽ ዓለሙ ቀደሙኝ። ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጡ። «የሀብተሥላሴ ነው» አሉ።

«ሞቱ አልተባለም እንዴ?»

«ማነው ያለው?» ብለው ተቆጡ፤ ራሳቸው እንዳልነበሩ! «አለ። ኅዳር ላይ ይመጣል።»

ሰውዬው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ መልሶ የመንገዱን መስመር የሚያሳየውን ክር ከካስማው ፈታ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ ካስማውን እንደገና ተከለው። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ መጥተው አዩ። የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ ቀፎውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፕላኑን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እንግዲህ ኅዳር ላይ ሲመጡ ዋንዛው አያብብልዎትም፤ ጥላም የለውም። አሥራ አንድ ቀንበጥ ነው ያለው። ግን በባጃጅ ማቆሚያው በኩል ይግቡ። መንገዱ እስከ መሐል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ጎበጥ ብሎ ይዞራል። እዚያ ጋ ሲደርሱ ዐይንዎን ቢጨፍኑት እንኳ እግርዎ ያውቀዋል።

ልጅዎ፣
አፀደ